«ሙላርድ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጂዜድ34 ከመግዛታችሁ በፊት

አሮጌ የሬክቲፋየር ቲዩብ (የቲዩብ አምፕሊፋየር ውስጥ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን የመስታወት ቲዩብ) ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ገንዘባችሁን ከመላካችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። በተለይ ጂዜድ34 የምትፈልጉ። 5ኤአር4 የሚባለውም ይኸው ቲዩብ ነው። በጣም ተፈላጊ ስለሆነ ማጭበርበሩም እሱ ላይ ይበረታል።

እኔ የገዛሁት «ሙላርድ፣ እንግሊዝ ብላክበርን የተሠራ፣ የፈረንጆቹ 1960ዎቹ፣ ጭራሽ ያልተሠራበት» ተብሎ ነው። ዋጋውም ለስሙ የሚመጥን ነበር። ካርቶኑን ስከፍት መስታወቱ ላይ ያለው የሙላርድ ጽሑፍ ቦግ ያለ ነጭ ነው፤ ትናንት የታተመ ይመስላል። ይሄ ራሱ ያጠራጥራል። የድሮው የሙላርድ ጽሑፍ በጣት ሲታሽ እንኳ የሚለቅ ስስ ቀለም ነው። ቀጥዬ መብራት ከጎን እያበራሁ መስታወቱን ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ዙሪያውን አየሁት። የፋብሪካ ኮድ የሚባል ነገር የለም። እግሮቹ ላይ ደግሞ ሶኬት ያወጣቸው ጭረቶች ተደራርበዋል። ለሙከራ አንዴ የተሰካ ቲዩብም ትንሽ ሊጫር ይችላል፤ ይሄኛው ግን ብዙ የተነቀለና የተሰካ ነው።

ሻጩን ስጠይቀው «ኮዱ በዕድሜ ጠፍቶ ነው» አለኝ። እስኪ አስቡት። በቀላሉ የሚለቀው ቀለም እንደ አዲስ እያበራ፣ ከሱ የበለጠ የሚቆየው ኮድ እንዴት ቀድሞ ይጠፋል?

ኮዱን ማንበብ ከባድ አይደለም። ሙላርድ የፊሊፕስ ኩባንያ ስለነበር ኮዱም በፊሊፕስ አሠራር ነው፤ ሁለት አጫጭር መስመሮች። ላይኛው የቲዩቡን ዓይነት ይነግራችኋል፤ ለጂዜድ34 ለምሳሌ ኤፍ32። ታችኛው ቢ5ዲ1 ቢል፣ ቢ ብላክበርን ነው። 5 የፈረንጆቹ ዓመት የመጨረሻ አሃዝ፣ ዲ አራተኛው ወር፣ 1 ደግሞ የወሩ የመጀመሪያ ሳምንት። የትኛው አሥር ዓመት ውስጥ እንደተሠራ ግን ይሄ አንድ አሃዝ ብቻውን አይለይላችሁም፤ የውስጥ አሠራሩን ማየት ይጠይቃል።

ከዚህ የሚገኝ አንድ ጥቅም አለ። ብላክበርን የተሠሩ ቲዩቦች በሌሎች ብራንዶች ስምም ታትመው ተሸጠዋል። ኮዱ ትክክል ከሆነ ስሙ ብዙም ያልተጮኸለትን ግዙ፤ ያው ቲዩብ ነው፣ ዋጋው ይቀንሳል። በተቃራኒው ዛሬ በሙላርድ ስም አዲስ የሚመረቱት ሩሲያ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። አዲስ ተብለው በአዲስ ዋጋ ከተሸጡ ምንም ችግር የለባቸውም። ብላክበርን ተብለው ሲሸጡ ነው ማጭበርበር የሚሆነው።

ይበልጥ ያናደደኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ሻጩ «ካልፈለግከው በምትኩ 5ዩ4ጂ የሚባለውን ሌላ ሬክቲፋየር ልላክልህ፤ እግሩም አንድ ነው፣ የማሞቂያው ቮልትም 5 ነው» አለኝ። እውነት ነው፣ ሶኬቱ ውስጥ ይገባል። ግን የጂዜድ34 ማሞቂያ 1.9 አምፔር ሲወስድ የ5ዩ4ጂ ፊላመንት 3 አምፔር ይጠጣል። ለ1.9 አምፔር የተጠመጠመ ትራንስፎርመር ይሄን ሲሸከም ይግላል፤ ቆይቶም ሊቃጠል ይችላል። አሮጌ አምፕሊፋየር ላይ ትራንስፎርመር ተቃጠለ ማለት የቲዩቡን ዋጋ የሚያስረሳ ወጪ ነው። የሚያወጣው ቮልቴጅም ይለያል። በ225 ሚሊአምፔር ጂዜድ34 ራሱ ላይ 17 ቮልት ገደማ ብቻ ሲያስቀር 5ዩ4ጂ ወደ 44 ያስቀራል።

5ዋይ3ጂቲ በሚባለው ሌላ ሬክቲፋየር ቦታ ጂዜድ34 መሰካትም እንደዚያው አደጋ አለው። ቮልቴጁ ከታሰበው በላይ ይወጣል፤ ካፓሲተሮቹና የኃይል ቲዩቦቹ ይጨነቃሉ። የሶቪየቱ ሬክቲፋየር 5ፀ4ኤስ 5ዋይ3 ተብሎ ታትሞ የሚሸጥበት ጊዜም ስላለ ተጠንቀቁ። መለየት ይቻላል። እውነተኛው 5ዋይ3 ፊላመንቱ ራሱ ኤሌክትሮን የሚለቅ ስለሆነ ወዲያው ነው ቮልት የሚሰጠው። የሶቪየቱ እንደ ጂዜድ34 ማሞቂያው ከካቶዱ፣ ማለትም ኤሌክትሮን ከሚለቀው ክፍል፣ የተለየ ነው፤ እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል፣ የሚሰጠውም ቮልት ከፍ ይላል።

«በቴስተር ተለክቷል፣ ጎበዝ ነው» የሚለውንም በደፈናው አትቀበሉ። ብዙዎቹ ቴስተሮች የሚለኩት በዝቅተኛ ቮልቴጅ ነው። እዚያ ላይ ያለፈ ቲዩብ ሙሉ ቮልቴጅ ሲያገኝ ብልጭ ሊል ይችላል። ቢያንስ የሁለቱን ፕሌቶች፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን የሚቀበሉትን ሁለት ክፍሎች፣ ውጤት ለየብቻ ጠይቁ፤ በጣም ከተራራቁ ተዉት። ጌተሩን፣ ማለትም መስታወቱ ውስጥ የሚታየውን ብርማ ቅብ፣ በፎቶ እዩ። ነጭ ከሆነ አየር ገብቷል፤ አልቆለታል።

ፎቶ ስትጠይቁ «የቲዩቡን ፎቶ» ብቻ አትበሉ። ኮዱን ከቅርብ፣ እግሮቹን ከታች፣ ጌተሩን ከላይ በሉ። እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ዕቃው ሲደርስም ካርቶኑን እየቀረጻችሁ ክፈቱ፤ ኮዱንና እግሮቹን ቪዲዮው ላይ አሳዩ፤ ይሄን ሳትጨርሱ አምፕሊፋየሩ ላይ አትሰኩት። አንዴ ከሰካችሁት «የጫርከው አንተ ነህ» ይላችኋል። እኔ ገንዘቤ የተመለሰልኝ ያ ቪዲዮ ስለነበረኝ ነው፤ እሱም ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ።