ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ፌስቡክ ወይስ ጎግል ማፕ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋዴ የቱ ይሻላል

እህቴ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የመጋረጃና የብርድ ልብስ ሱቅ አላት። ባለፈው ዓመት "ኢንተርኔቱን አንተ ያዝልኝ" አለችኝ። ያዝኩላት። አራቱንም ሞከርኩ፤ አንዱ ላይ ገንዘብ አጣሁ፣ አንዱ ላይ እንቅልፍ። አሁን ጎረቤት ነጋዴዎች "የቱ ያዋጣል?" እያሉ ይጠይቁኛል። የምመልስላቸው ይህንን ነው።

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከቲክቶክ ነው። እውነትም አንድም ተከታይ ሳይኖራችሁ ሰው ፊት የሚያቀርባችሁ እሱ ነው። ቪዲዮው ከያዘ ትናንት የተከፈተ አካውንት እንኳ ብዙ ሰው ያየዋል። የእህቴ ልጅ መጋረጃ ሲሰቀል በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው። ከዚያ በፊትም በኋላም ያን ያህል ሰው ያየልን ነገር የለም። ኮሜንቱ ግን "አዲስ አበባ ቅርንጫፍ አላችሁ?" "ጅዳ ትልካላችሁ?" የሚል ነበር። እዚሁ ደሴ ካለው ከሰኞ ገበያ ማዶ ተነስቶ የመጣ ሰው እንኳ አላየንም። ቪዲዮውን ለማን እንደሚያሳይ የሚወስነው ቲክቶክ ራሱ ነው። እዚህ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ላለ ሰው ብቻ አሳይልኝ ብላችሁ በነጻ አታዙትም።

ልተወው ስል ግን ከዚያው ከጅዳ አንዲት ልጅ ደወለች። ደሴ ላለችው እናቷ ሁለት ብርድ ልብስ እንድናደርስላት ነው። ያኔ ነው የገባኝ። ወሎ ውስጥ ልጁ ወይም እህቱ ዓረብ አገር ያለች ቤተሰብ ብዙ ነው። ገንዘቡ እዚያ ነው፣ ዕቃው የሚፈለገው እዚህ ነው። ኬክ፣ ሶፋ፣ የበዓል በግ፣ የቤት ዕቃ የምትሸጡ ከሆነ "እናንተ እዚያ ሁኑ፣ እኛ እናታችሁ ቤት እናደርሳለን" በሉ። ስታደርሱም እናትየውን አስፈቅዳችሁ ቅረጹ። ሲሚንቶ ወይም የመኪና መለዋወጫ ለምትሸጡ ግን ቲክቶክ ልፋት ነው። ላይቭ ለመግባትም አብዛኛውን ጊዜ 1,000 ተከታይ ይፈለጋል። እንቅልፍ ያጣሁትም እዚህ ላይ ነው፤ በየቀኑ አዲስ ነገር ይፈልጋል፣ አይጠግብም።

ቴሌግራም ተቃራኒው ነው። አዲስ ሰው አያመጣም። ሰው በአጋጣሚ ቻናላችሁ ላይ የሚወድቀው ከስንት አንዴ ነው። የገባ ሰው ግን ይቀመጣል። ዕቃው በቀኑ ተራ ይደረደራል፣ ስንት ሰው እንዳየው ከሥሩ ይጻፋል፣ ከስድስት ወር በፊት የተለጠፈ ፎቶም ተፈልጎ ይገኛል። ሱቃችን ውስጥ ስልኳን አውጥታ "ይሄን ነው" የምትል ደንበኛ ሁልጊዜ የምታሳየን ከቴሌግራም ነው። ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ክፈቱ። ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፤ ችግሩ ያ ሁሉ ሰው መጻፍ መቻሉ ነው። እኛም መጀመሪያ ግሩፕ ከፍተን በሳምንቱ የመሬት ደላሎች ወረሱን።

ደግሞ እባካችሁ፣ ዋጋ ጻፉ። "ዋጋ በኢንቦክስ" የሚል ሻጭ ሳይ እኔ ራሴ ወደ ሌላ ነው የማልፈው።

ፌስቡክን ወጣቱ "የአባቶቻችን ነው" ይለዋል። ሶፋውን የሚከፍሉት ግን አባቶች ናቸው። ትልቁ ጥቅሙ በክፍያ የሚደረገው ማስታወቂያ፣ ቡስት የሚባለው ነው። ከተማ መርጣችሁ በዙሪያው እስከ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚታይ መወሰን ትችላላችሁ፤ ዕድሜም ትመርጣላችሁ። ጣጣው ክፍያው ላይ ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ይፈልጋል። ስለዚህ ሰው "እኔ ልክፈልልህ" ወደሚል ደላላ ይሄዳል። እኔም ሄድኩ። ሦስት ሺህ ብር በቴሌብር ላክሁ። ልጁ "ተጀምሯል" ብሎ ስክሪንሾት ላከልኝ። ስክሪንሾቱ ላይ ያለው የሌላ ሰው ፔጅ ነበር። ስልኩም ከዚያ ወዲህ አይነሳም። እናንተም በሰው በኩል የምትከፍሉ ከሆነ ውጤቱን በራሳችሁ ስልክ ማየት አለባችሁ። ፓስወርድ አትስጡ፤ ሰውየውን ማስታወቂያ ብቻ እንዲሠራ አድርጎ ፔጁ ላይ መጨመር ይቻላል።

በኋላ ውጭ ያለ ዘመድ ከፈለልንና ሠራ። እዚያም ላይ አንድ ስህተት ሠራሁ። ኮምቦልቻ ከደሴ በሐረጎ ተራራ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ "አንድ ገበያ ነው" ብዬ ሁለቱንም ከተማ በአንድ ማስታወቂያ አስገባሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጉም ለብሳ ትንቀጠቀጣለች፤ ኮምቦልቻ ከእሷ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ሰዉ የሚፈልገው ቬንትሌተር ነው። የኮምቦልቻ ሰው ወፍራም ብርድ ልብስ እያሳየሁት "ይሄ ለማን ነው?" ቢለኝ እውነቱን ነው። ሁለቱን ከተማ ለየብቻ አድርጓቸው።

ጎግል ማፕ ለእኛ ሱቅ ብዙም አልጠቀመም። ለሆቴል፣ ለጋራዥና ለፋርማሲ ግን ከሦስቱም ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ማታ ደሴ የገባ ሾፌር ቲክቶክ አይከፍትም፤ "ሆቴል" ብሎ ካርታው ላይ ይፈልጋል። በ2009 ዓ.ም. ወደተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሥራ የሚመጣ እንግዳም እንደዚያው ነው። ነጻ ነው፣ አንዴ ከተሠራ ብዙ አያስቸግርም። ባለቤት መሆናችሁን ለማረጋገጥ የቤቱን በርና ታፔላ በቪዲዮ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ከዚያ ስልኩንና የሥራ ሰዓቱን አስተካክሉ። የተዘጋ ቤት "ክፍት ነው" ካለ እንግዳው በአንድ ኮከብ ይቀጣችኋል።

ኢንስታግራምን ሞክሬዋለሁ። ለፎቶ ቤትና ለሙሽራ ልብስ ይሆናል፤ ለሌላው አልቸኩልም።

ጊዜያችሁ ለሁለት ብቻ ከበቃ፣ የቤት ዕቃና ልብስ ያላችሁ ቲክቶክና ቴሌግራም ያዙ፤ በቲክቶክ የመጣውን ወደ ቴሌግራም አስገቡት። እንግዳ የምታሳድሩ ጎግል ማፕና ፌስቡክ። የግንባታ ዕቃና መለዋወጫ የምትሸጡ ደግሞ የየዕለት ዋጋ የሚለጠፍበት ቴሌግራም ብቻ ይበቃችኋል።

አራቱም ላይ የማትወስኑት ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ተከታዩም ቻናሉም አንድ ላይ ጠፋ። እህቴ ግን የደንበኞቿን ስም፣ ስልክና የመስኮታቸውን ልክ የምትጽፍበት ደብተር ነበራት። አዲስ ዕቃ ሲገባ እየደወለች ሸጠች። ደብተሩ ዛሬም መሳቢያዋ ውስጥ ነው። የቲክቶኩን ፓስወርድ ግን እስካሁን አልጠየቀችኝም።