የሐሙራቢ ዓምድ ወይስ የማይክል አንጄሎ ሙሴ?

የጥንቱን ሕግ ሰጪ በድንጋይ ተቀርጾ ማየት የሚሻና አንድ ከተማ ብቻ የመጎብኘት ዕድል ያለው ሰው የጥንቱ የባቢሎን ንጉሥ የሐሙራቢ ዓምድ የሚገኝባትን ፓሪስንና የቀራፂው ማይክል አንጄሎ የሙሴ ሐውልት የሚገኝባትን ሮምን ማመዛዘኑ አይቀርም።

በወጪ ሮም ትቀላለች። ሙሴ የሚገኝበት የሳን ፒየትሮ ኢን ቪንኮሊ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ አያስከፍልም፤ ቀትር ላይ ግን ይዘጋል። ዓምዱ ያለበት የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ቲኬት ይጠይቃል፤ ማክሰኞም ዝግ ነው።

የሐሙራቢ ዓምድ ቁመቱ 2.25 ሜትር የሆነ ጥቁር ባዛልት ሲሆን ራሱ የሕግ ሰነድ ነው። በአናቱ ንጉሡ እጁን ወደ አፉ አንሥቶ፣ ከትከሻው ጨረር በሚወጣው የፀሐይ አምላክ በሻማሽ ፊት ቆሟል፤ አምላኩም በዙፋኑ እንደተቀመጠ በትርና ቀለበት ይዘረጋለታል። ከሥሩ 282 ያህል ድንጋጌዎች በአካድ ቋንቋ ተቀርጸዋል። ዓምዱ በምርኮ በዛሬዋ ኢራን ወደነበረችው ወደ ሱሳ ከተማ ከተወሰደ በኋላ የጽሑፉ ግርጌ በከፊል ስለተፋቀ ግን ሙሉውን ሕግ ከእሱ ብቻ ማንበብ አይቻልም።

በ1513 ገደማ የተጀመረው ሙሴ እብነ በረድ ነው፤ ጽላቱን በብብቱ ይዞ፣ ጣቶቹን በረጅም ጢሙ ውስጥ ሰዷል። የሚያደናግረው ቀንዱ ነው፤ የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «የፊቱ ቁርበት አንጸባረቀ» የሚለውን የላቲኑ ትርጉም ቀንድ እንዳወጣ አድርጎ ስለፈታው የመጣ ነው።

ለሕግ ተማሪ ፓሪስን እመርጣለሁ፤ ሕግ አውጪውን ከነቁጣው እንደ ሰው ማየት ለሚሻ ደግሞ ሮምን።