ሚሞሪ የሚወስድ ራዲዮ ወይስ ትንሿ ኤምፒ3? ለእናቴ ሁለቱንም ገዝቼ ያየሁት

«ለእማዬ መዝሙርና ስብከት የምትሰማበት ርካሽ ነገር ምን ልግዛላት?» ይህን ጥያቄ በዚህ ዓመት ብቻ አምስት ሰው ጠይቆኛል። ለእያንዳንዳቸው በስልክ ግማሽ ግማሽ ሰዓት አስረድቻለሁ። አሁን አንዴ ልጻፈውና የሚጠይቀኝ ሁሉ ያንብበው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ባትሪው የሚወጣ፣ ሚሞሪና ፍላሽ የሚወስድ ትንሽ ራዲዮ ግዙ። ልብስ ላይ የምትሰካዋን ትንሿን ኤምፒ3 ለእናት አትግዙ። በተን ስልክ ከሁለቱ መሃል ነው፤ እመጣበታለሁ።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ትንሿን ነው። ከመርካቶ፣ በ650 ብር። ስክሪን የላትም። አፕል ይሸጠው የነበረውን አይፖድ ሻፍል አስመስለው የሠሯት ናት። አፕል ሻፍልን መሸጥ ያቆመው በፈረንጆቹ 2017 ነው። በዚህ ዘመን «ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ሻፍል» እያለ በርካሽ የሚሸጥላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ኮፒ ነው የያዘው።

650 ብር ሲባል ርካሽ ይመስላል። ውስጧ ግን ሚሞሪ የለም። ሻጩ «64 ጊጋ» ብሎ በ450 ብር ሚሞሪ ጨመረልኝ። አብሯት የመጣው ኢርፎን በሳምንቱ አንዱ ጆሮ ዝም አለ፤ ሌላ በ150 ብር ገዛሁ። ቻርጅ የምትደረገው በድሮው ሚኒ ዩኤስቢ ነው፤ የዛሬ ስልክ ገመድ አይገባባትም። ገመዱ ሲጠፋ ሦስት ሱቅ ዞሬ በ120 ብር አገኘሁ። በሦስተኛው ወር የቻርጅ ሶኬቷ ተነቀለ፤ ለብየዳ 200 ብር። ደምሩት፦ 1,570 ብር። በአምስተኛው ወር ባትሪዋ አብጦ ክዳኗን ገፋው።

መገናኛ አካባቢ ያለ ጠጋኝ ከፍቶ አሳየኝ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ባትሪ ቦርዱ ላይ ተበይዳለች። «ወንድሜ፣ ይቺን ለብቻዋ ከየት አመጣልሃለሁ? ከሌላ የሞተ ኤምፒ3 ላይ ካልፈታሁ የለም» አለኝ። ዳግመኛ ቻርጅ እንዳላደርጋትም አስጠነቀቀኝ። ትክክል ነው። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ከተበሳ ወይም ከጋለ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ትራስ ሥር አስገብተው የሚተኙ ሰዎች ስላሉ ይህን በደንብ ያዙልኝ።

እናቴ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልወደደቻትም። ቁልፎቿ ትናንሽ ናቸው፤ መነጽር አድርጋም አትለያቸውም። ኢርፎኑ ጆሮዋን ያሳክካታል። ከሁሉ በላይ ቡና ስታፈላ ለብቻዋ መስማት አትፈልግም። ጎረቤቶቿ አብረዋት እንዲሰሙ ነው የምትፈልገው።

ትንሿ ምንም ጥቅም የላትም ማለቴ አይደለም። ጠዋት ለሚሮጥ ወጣት፣ ታክሲ ውስጥ ስልኩን ማውጣት ለማይፈልግ ሰው ትሆናለች። ለዚያም ቢሆን ኮፒዋን ሳይሆን ታዋቂ ስም ያለውን ፈልጉ። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ የሳንዲስክ ክሊፕ ይዛ መጥታ ነበር። ድምፁ ከእኔዋ ጋር አይወዳደርም፤ ሦስት ዓመት ሠርቶላታል። ግን የእሱም ባትሪ ውስጥ የታሸገ ነው። ሲደክም የሚቀይርላት አጣች።

ወደ ራዲዮው ልምጣ። ሻጩ 2,200 ብሎ ጀመረ፤ በ1,700 ብር ተስማማን። ሁለተኛ ባትሪ 250 ብር፣ ጥሩ 8 ጊጋ ሚሞሪ 500 ብር። ድምር 2,450 ብር። ከአንድ ዓመት በኋላ የቻርጅ ሶኬቱ ላልቶ በ150 ብር አስበየድኩት። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስካሁን 2,600 ብር ወጥቶበታል። በወር ሲካፈል 108 ብር ገደማ ነው። ትንሿ በአምስት ወር 1,570 ብር በልታ ሞተች፤ በወር 314 ብር ማለት ነው። ውድ የሆነችው ርካሿ ናት።

ልዩነቱን ያመጣው ባትሪው ነው። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ራዲዮዎች የሚወስዱት ቢኤል-5ሲ የሚባለውን የኖኪያ ባትሪ ነው። በፈረንጆቹ 2003 የወጣውን ኖኪያ 1100 የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፤ ያው አናቱ ላይ የእጅ ባትሪ መብራት ያለው ስልክ ነው። ያ ስልክ በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ስለዚህ ባትሪው የትም አለ። ሱቅ ገብታችሁ «ፋይቭ ሲ ባትሪ አለ?» ካላችሁ ይሰጧችኋል። መብራት ሲጠፋ እናቴ የደከመውን አውጥታ ሌላውን ትከታለች። ማንንም አትጠራም።

ባትሪውም ኮፒ አለው። የኖኪያው ኦርጅናል ላይ የሚጻፈው 1,020 ሚሊ አምፒር-ሰዓት (mAh) አካባቢ ነው። በዚያው መጠን 2,800 ወይም 3,000 የተጻፈበት ካያችሁ ውሸት ነው፤ እዚያች ውስጥ ያን ያህል አይገባም። በእጃችሁ መዝኑት። በጣም ከቀለለ ተዉት። ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ በጣት ስታሽከረክሩት እንደ እንዝርት ከዞረ ሆዱ አብጧል።

ራዲዮው የራሱ ችግር አለው። ድምፁ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል፤ ሙዚቃ በጥራት ማዳመጥ ለሚወድ ሰው አይሆንም። አንቴናው በቀላሉ ይሰበራል። አንዳንዱ ደግሞ ጠፍቶ ሲበራ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የሁለት ሰዓት ስብከት ለሚሰማ ሰው ይህ ትልቅ ችግር ነው። ሱቁ ውስጥ አጥፍታችሁ አብሩት።

በተን ስልክ ለወንድሜ በ2,300 ብር ገዝቼ አይቻለሁ። ሚሞሪ ይወስዳል፣ ድምፁም አይከፋም፣ ባትሪው ይወጣል። ዘበኛ ሆኖ ለሚያድር ወይም አንድ ዕቃ ብቻ መያዝ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ነው። ለእናት ግን የማልመክረው በአንድ ምክንያት ነው። ቀኑን ሙሉ ሰምታበት ትውልና ማታ ስትደውሉ ስልኩ ጠፍቷል። እናታችሁ ደህና መሆኗን ሳታውቁ ማደር ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

አሁን ብዙ ሰው ብሩን ወደሚያጣበት ልሂድ። ሚሞሪው ነው። ያ በ450 ብር የተጨመረልኝ «64 ጊጋ» ኮምፒውተር ላይ 64 ብሎ ያሳያል። መዝሙር ስጭንበት ግን ከተወሰነ ቁጥር በኋላ ያለው ሁሉ አይከፈትም። እውነተኛ መጠኑ ትንሽ ሆኖ ትልቅ ነኝ ብሎ እንዲያሳይ ተደርጎ የተሠራ ፎርጅድ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ እስከ አፉ ሙሉትና ከመጀመሪያውም፣ ከመሃሉም፣ ከመጨረሻውም ፋይል ክፈቱ። ደግሞም 64 ጊጋ ለእናት ምን ያደርጋል? በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ3 ለአንድ ደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚይዘው። 8 ጊጋ ላይ ከ130 ሰዓት በላይ ይገባል። በዚያ ላይ ርካሽ ራዲዮዎች ብዙ ጊዜ ከ32 ጊጋ በላይ ያለውን አያነቡም።

ሌላው ሰው «ራዲዮው ተበላሸ» የሚልበት ነገር የፋይሉ ዓይነት ነው። ከቴሌግራም የወረደ የድምፅ መልእክት ኤምፒ3 አይደለም። ከዩቲዩብ የሚወርደውም ብዙ ጊዜ አይደለም። ራዲዮው ዘሎት ያልፋል። ወደ ኤምፒ3 ቀይራችሁ ጫኑ፤ ኮምፒውተር ቤት የምታስጭኑ ከሆነም ይህንኑ ንገሯቸው።

ቅደም ተከተሉ ደግሞ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ቀናት የተከፈለ ነው፤ እናቴ የየቀኑን በየቀኑ መስማት ትፈልጋለች። ከ1 እስከ 7 ቁጥር ሰጥቼ ጫንኩት። ራዲዮው ከሐሙስ ጀመረ። በኋላ ገባኝ። እነዚህ ርካሽ ዕቃዎች ስሙን አያዩም፤ ወደ ሚሞሪው ቀድሞ የገባውን ነው ቀድመው የሚያጫውቱት። ሚሞሪውን ፎርማት አድርጌ የሰኞን፣ ቀጥሎ የማክሰኞን፣ እያልኩ አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ተስተካከለ።

ዋጋን በተመለከተ፣ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው በየጊዜው ይቀያየራል። የእኔን ቁጥሮች ለማመዛዘኛ ያዙ እንጂ ሻጭ ጋር ለመከራከሪያ አይሆኑም። ቢያንስ ሦስት ሱቅ ጠይቁ። እኔ በአንድ መተላለፊያ ላይ ለአንድ ዓይነት ራዲዮ የ400 ብር ልዩነት አግኝቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ደብረ ብርሃን ላሉት እናቷ ለመግዛት ይዛኝ ሄደች። የራሷን ሚሞሪ ይዛ ነበር። የባትሪውን ክዳን ከፍተን አየን። ቻርጀር ሰክተን ሶኬቱ ይነቃነቅ እንደሆነ ነካ ነካ አደረግነው። አጥፍተን አበራነው፤ ካቆመበት ቀጠለ። አሥር ደቂቃ አጫውተን 1,850 ብር ከፈለች። ከመውጣታችን በፊት ሁለተኛ ፋይቭ ሲ ባትሪ በ280 ብር አስጨመርኳት።