ራፕ ለሚሠሩ ሁለት ጓደኛሞች፦ ደብረ ብርሃን መቆየት ወይስ አዲስ አበባ መግባት?

ወጪ፦ ደብረ ብርሃን ከቤተሰብ ጋር እየኖሩ መቅዳት ይቻላል። አንድ ማይክ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ግድግዳው ላይ የከተማዋ ብርድ ልብስ፤ የክፍሉን ማስተጋባት ይውጠዋል። አዲስ አበባ የቤት ኪራዩ ብቻ የስቱዲዮውን ብር ይበላዋል።

ሰው፦ አዲስ አበባ ቢት ሠሪውም (ከግጥሙ ሥር የሚሄደውን ሙዚቃ የሚያዘጋጀው) መድረኩም እዚያው ነው። ደብረ ብርሃን ፋይል በቴሌግራም ልኮ መጠበቅ ነው።

ድምፅ፦ እዚህ ላይ አዳላለሁ። ፉከራና ቀረርቶ ለራፕ የቅርብ ዘመዶች ናቸው፦ ራስን ማወደስ፣ ባላንጣን መንካት፣ ቃልን በምት መወርወር። አንዱ ሲፎክር ሌላው «በለው!» ካለ ጥንዱ ተፈጠረ ማለት ነው። ይህን ከመንዝ አያቱ አፍ የሰማ ልጅ የአዲስ አበባን አራዳ አነጋገር ሲኮርጅ ስሰማ ያናድደኛል።

አደጋ፦ አዲስ አበባ አንዱ እንጀራ ፍለጋ ሲሮጥ ሌላው ብቻውን ይቀራል። ደብረ ብርሃን ደግሞ የሚያሰጋው መሰላቸት ነው፤ ብርዱን ሳንቆጥር።

ተማሪ ለሆነና ግጥሙ ገና ላልበሰለ ደብረ ብርሃን ይሻላል። ያለቁ ሥራዎች ይዞ መድረክ ያጣ ይሂድ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሆነ፣ ለቀረጻ ብቻ ደርሶ በማግስቱ መመለስም አለ።