ፕሮፋይለር ስትመርጡ፦ ከነባሩ የሚስማማው ወይስ አዲስ ነገር ያለው?

ፕሮግራም ሲንቀራፈፍ የትኛው ፋንክሽን ጊዜውን እንደሚበላው የሚያሳየው ፕሮፋይለር ነው። ምርጫው ብዙ ነው፤ አዲስ የወጣው ሁሉ ደግሞ ዓይን ይማርካል። እኔ ግን አስቀድሜ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ችግሩ ያለበት ማሽን ላይ ይሠራል ወይ?

አንዴ በዚህ ጉድ ሆኛለሁ። ላፕቶፔ ላይ ያለ እንከን የሠራ መሣሪያ ሰርቨሩ ላይ ስጭነው ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) አሮጌ ነው ብሎ እምቢ አለኝ። ፕሮግራሙ የሚንቀራፈፈው ደግሞ ሰርቨሩ ላይ ብቻ ነበር።

ከአንጋፋው እንጀምር። ጂፕሮፍ ከ1982 ጀምሮ አለ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኮዱን ለእሱ ሲባል እንደገና ኮምፓይል ማድረግ (ወደ ማሽን ቋንቋ መቀየር) ግድ ነው፤ ብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ያለው ፕሮግራም ላይም ያን ያህል አይታመንም። ለአዲስ ሥራ አልመርጠውም። ካልግራይንድ እንደገና ኮምፓይል አድርጉ አይልም። ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ስለሚቆጥር ውጤቱ ብዙም አይዋዥቅም። ግን ፕሮግራሙን በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ያዘገየዋል፤ ደንበኛ ያለበት ሰርቨር ላይ አይሞከርም።

ፐርፍ በ2009 ከሊኑክስ ከርነል 2.6.31 ጋር መጣ። በየተወሰነ ቅጽበት ናሙና ስለሚወስድ ጫናው ትንሽ ነው። ሊኑክስ ላይ ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው። ሁለት እንቅፋት ግን አለበት። አንደኛ፣ ኮንቴይነር (ፕሮግራሙን ከቀረው ሲስተም የሚለይ ማቀፊያ) ውስጥ ብዙ ጊዜ ፈቃድ ይከለከላል። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ያለ ፍሬም ፖይንተር (የፋንክሽን ጥሪዎችን ዱካ ለመከተል የሚረዳ አድራሻ) ከተሠራ ማን ማንን እንደጠራ የሚያሳየው ሰንሰለት ይበጣጠሳል። የሊኑክስ ዓይነቶቹ ፌዶራ 38 እና ኡቡንቱ 24.04 ፍሬም ፖይንተርን መልሰው ያስገቡት ለዚሁ ነው። ስለዚህ ያው ፐርፍ አንዱ ሲስተም ላይ ሙሉ ምስል፣ ሌላው ላይ ቁርጥራጭ ሊሰጣችሁ ይችላል።

የኢንቴሉ ቪቲዩን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ድረስ ይገባል፤ ዛሬ በነፃ ይገኛል። ያ ጥልቅ ትንተና ግን ለኢንቴል ፕሮሰሰር ነው። ኤኤምዲ ላይ የሚቀራችሁ መሠረታዊው ብቻ ነው።

ኢቢፒኤፍ (ትንንሽ ፕሮግራሞችን ከርነሉ ውስጥ የሚያስኬድ የሊኑክስ ዘዴ) ላይ የቆሙት፣ ለምሳሌ ፓርካ፣ ማሽኑን ቀን ከሌት ይከታተላሉ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የተፈጠረውን ጠዋት ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሲስተም ማሻሻል ያዋጣል የምለው ለዚህ ባሕርይ ብቻ ነው። ለቀለምና ለአኒሜሽን ማንም ከርነሉን አይቀይርም። መነሻው ከርነል 4.9 ነው፤ ብዙዎቹ ከዚያም አዲስ ይፈልጋሉ።

አንዳንዴ ደግሞ አዲሱ ነገር ራሱ ወደ ኋላ ይመጣል። ፍላይት ሪኮርደር ቀድሞ ክፍያ የሚጠየቅበት የጃቫ መሣሪያ ነበር። በ2018 ከጄዲኬ 11 (የጃቫ መሥሪያ ጥቅል) ጋር ክፍት ሆነ። በ2020 ደግሞ ወደ ቀድሞው ቨርዥን፣ ወደ ኦፕንጄዲኬ 8 ተመለሰ። በዚያ መሀል ለፕሮፋይለሩ ሲል ብቻ ጃቫውን ለመቀየር የተጣደፈ ሰው ትንሽ ቢታገሥ ይተርፍ ነበር። ፓይተን ላይ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልመጣም፦ የፓይተን ፋንክሽኖችን በስማቸው ለፐርፍ ማሳየት የተጀመረው በ3.12 ነው፤ ከዚያ በታች ያላችሁ ፓይስፓይን ሞክሩ። የሚሠራውን ፕሮግራም ሳያቆም ይገባበታል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የድሮ ልኬቱን ነው። ናሙና የሚወስድና እያንዳንዱን ጥሪ የሚቆጥር መሣሪያ ቁጥራቸው አይገጥምም። መሣሪያ በቀየራችሁ ማግስት «ፕሮግራሙ 20 በመቶ ፈጠነ» የሚል ሪፖርት ብታዩ ቶሎ አትደሰቱ። ከመቀየራችሁ በፊት አንዱን ቨርዥን በሁለቱም ለኩና ልዩነቱን ጽፋችሁ አስቀምጡ። የምትገዙት መሣሪያ ውጤቱን ብዙ ፕሮፋይለሮች በሚያውቁት በፒፕሮፍ ፎርማት ማውጣት የሚችል ከሆነ ደግሞ ነገ ከሻጩ ጋር ብትለያዩም ፋይላችሁን ሌላ መሣሪያ ይከፍተዋል።