ሩቢ ወይስ ኢምፓየር ስቴት? የድሮ የእንጨት ካሜራ ለመግዛት ላሰባችሁ

አምና አንድ የእንግሊዝ ሩቢ ገዛሁ። ማሆጋኒው ያብረቀርቃል፣ ወናፉም (በሌንሱና በኋላው መካከል ያለው የሚተጣጠፈው ክፍል) አልተቀደደም። ሻጩ «ሙሉ ነው» ብሎኛል። ቤት ወስጄ ስከፍተው የመስታወት መያዣው (ያኔ በፊልም ፈንታ ፎቶው የሚያርፍበትን መስታወት የሚይዘው ቀጭን ሣጥን) የለም። ያለ እሱ ደግሞ ፎቶ የሚባል ነገር የለም።

ሩቢን የሠራው በ1888 ማንቸስተር ውስጥ የተቋቋመው ቶርንተን ፒካርድ ነው። ኢምፓየር ስቴት የአሜሪካው ሮቸስተር ኦፕቲካል ሥራ ነው፤ ድርጅቱን በ1903 ኢስትማን ኮዳክ ገዛው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።)

በውበት ከሆነ ሩቢን የሚያህል የለም። ሲታጠፍ ቀጭን ሣጥን ይሆናል። ከሌንሱ ላይ የሚቀመጠው፣ ብርሃን የሚያስገባውና የሚዘጋው ሻተርም ራሱን የቻለ ጉድ ነው፦ በትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ እንደ መጋረጃ የሚጠቀለል ጥቁር ጨርቅ። ገመዱን ስትስቡት ይጠቀለላል፣ ማስለቀቂያውን ስትነኩት ቷ ብሎ ይወርዳል። ግን ጨርቁ በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ወደ መብራት አዙራችሁ እዩት።

ሌላም ጣጣ አለው። ብዙዎቹ ሩቢዎች ከሥራቸው ክብ የነሐስ ቀለበት አላቸው፤ ሦስቱ የእንጨት እግሮች በቀጥታ እዚያ ላይ ይሰካሉ። እግሮቹ ከጠፉ የዛሬ ትራይፖድ ዝም ብሎ አይገባለትም፣ አናጺ ያስፈልጋል።

ኢምፓየር ስቴት ግን ሸክም ነው፤ በተለይ 8×10 ኢንቹ። ያን ያህል አያምርም፣ ለሥራ ግን እሱ ይሻላል። ምክንያቱ ፊልም ነው። በብዛት የሚገኘው ሩቢ «ግማሽ ሰሌዳ» የሚባለው፣ 4¾×6½ ኢንች ነው። ለዚህ ልክ ፊልም ማግኘት ፈተና ነው። እኔ ያሰብኩት 5×7 ፊልም ገዝቼ፣ በድቅድቅ ጨለማ ከአንዱ ጎን ሩብ ኢንች፣ ከሌላው ግማሽ ኢንች መቁረጥ ነው። ከዚያም መያዣው የተሠራው ለመስታወት ስለሆነ ፊልሙን የሚደግፍ ስስ ቆርቆሮ ይጨመርበታል። አሜሪካዊው በ5×7 ወይም በ8×10 ከሆነ ፊልሙ ዛሬም ይመረታል፣ መቀስ አያስፈልጋችሁም።

መያዣ ላይ ግን ሁለቱም ያስቸግራሉ። የእንግሊዞቹ ለየካሜራው ተለክተው የተሠሩ ስለሆኑ የአንዱ ለሌላው እምቢ ይላል። የአሜሪካኖቹም በዚያ ዘመን ሁሉም አንድ ዓይነት አልነበሩም። ስለዚህ ሻጩን «መያዣው ገብቶ ሲዘጋ ቪዲዮ ቅረጽልኝ» በሉት።

ወናፉን ለመፈተሽ መብራት አጥፍታችሁ የስልካችሁን ባትሪ ውስጡ አብሩ። ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ የእጥፋቱ ማዕዘን ላይ ነው። አንድ ሁለት ከሆነ ይደፈናል፤ እንደ ኮከብ ከበዛ ዋጋ አስቀንሱ። ነሐሱን ግን እባካችሁ በብረት መወልወያ አትፈትጉት፣ የድሮው ቫርኒሽ አብሮ ይሄዳል።

ለሳሎን ጌጥ ከሆነ ሩቢ ግዙ። ፎቶ ላነሳበት ካላችሁ 5×7 ኢምፓየር ስቴት፣ ከነመያዣው። የእኔ ሩቢ ለጊዜው ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጧል፤ መያዣ እያፈላለግኩለት ነው።