የሦስት ቀኑ የቬንቲሌተር ሥልጠና፦ ለሦስተኛው ቀን ስል ይቅር ብያለሁ

ከደብረ ማርቆስ ተነስቼ በቡሬ በእንጅባራ አድርጌ ባሕር ዳር የገባሁት ለቬንቲሌተር (በሽተኛ የሚያስተነፍሰው ማሽን) ሥልጠና ነው። የከፈልኩት ከኪሴ ስለሆነ ሳልሸፋፍን ነው የምናገረው።

የመጀመሪያው ቀን ስላይድ፣ ሻይ፣ ስላይድ። ነቃ ያልኩት ታሪኩ ላይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ ፖሊዮ ሲበረታ፣ የሕክምና ተማሪዎች እየተፈራረቁ ቀን ከሌት በእጃቸው አየር እየጨመቁ በሽተኞቹን አቆዩ። መብራት ጠፍቶበት አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት) ይዞ ያደረ ሰው ይሄ ይገባዋል።

ሁለተኛው ቀን አሳፈረኝ። አሠልጣኙ "እስቲ ለራሳችሁ ታይዳል ቮልዩም አውጡ" አለን፤ ማሽኑ በአንድ ትንፋሽ የሚሰጠው የአየር መጠን ማለት ነው። እኔ 80 ኪሎ ነኝ (አትሳቁ)፣ ለአንድ ኪሎ 6 ሚሊ ብዬ አባዝቼ 480 አልኩ። "ሲስተር፣ ቁመትሽስ?" 160። የሚባዛው ኪሎ በቁመት ሲሰላ 315 ገደማ ሆነ! ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አይወፍርማ። ይህን ያህል ዓመት አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ሠርቼ ይህንን በደንብ ያስረዳኝ አልነበረም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የኤአርዲኤስ (ሳንባ በድንገት ክፉኛ የሚጎዳበት ሕመም) ጥናት በ12 ሚሊ ከታከሙት ወደ 40 በመቶ ሲሞቱ፣ በ6 ሚሊ የታከሙት ላይ 31 በመቶ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ግን ሌላ ነው። ማሽኑ ላይ የጎማ ሳንባ ገጠሙና አሠልጣኙ ቲዩቡን በጣቱ ቆነጠጠው። ፒክ ፕሬዠሩ (አየሩ ሲገባ የሚታየው ከፍተኛው ግፊት) ወደ ላይ ተተኮሰ፣ አየሩን ያዝ አድርገን ፕላቶውን (አየሩ ሲቆም ሳንባው ውስጥ ያለውን ግፊት) ስናይ ግን ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው ማለት ነው፦ አክታ፣ የታጠፈ ወይም በሽተኛው የነከሰው ቲዩብ፣ አስም። ቀጥሎ ጎማውን ራሱን በሁለት እጁ ጭምቅ ሲያደርገው ሁለቱም አብረው ወጡ፤ ያኔ ሳንባው ራሱ አልለጠጥ ብሏል፣ ወይም ከሳንባው ውጭ ደረት ውስጥ አየር ገብቷል። ፕላቶው ከ30 እንዳያልፍ የሚባለውንም እዚያው አየነው። አላርም በጮኸ ቁጥር ድምፁን ዘግቼ ሳክሽን የማደርገው (አክታ የምመጠው) እኔ፣ ለካ ግማሹን ጊዜ በጭፍን ነበር።

ቅሬታዬ? ለ22 ሰው አንድ ማሽን! እኔ የነካሁት አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። የሰጡን ወረቀት ፎቶ ኮፒው ጠቁሮ የግራፉ መስመር አይለይም። አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ስንት ሰዓት እንደሚያቆይ ማስላትም አልተነሳም፤ እኛ ጋ ሌሊት የሚያስጨንቀን እኮ እሱ ነው። ምሳው ደህና ነው።

ቬንቲሌተር አጠገብ ቆማችሁ የማታውቁ ከሆነ ትንሽ ቆዩ፣ ስላይዱ ይቀብራችኋል። አይሲዩ ያላችሁ ግን ሂዱ። ደግሞ ፊት ወንበር ያዙ፤ ማሽኑን ቀድሞ የሚነካው እዚያ የተቀመጠው ነው። በሚቀጥለው ዙር ማሽኑን ሦስት ካደረጉት እኔም ሁለት ባልደረቦቼን ይዤ እመለሳለሁ።